የአባጨጓሬ ሳማ

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ገብቼ ጥገኝነት አፕላይ ባደርግ ውድቅ ሆነብኝ። መሥራት አልተፈቀደልኝም፤ ከመንግሥት የማገኘው ድጎማም ተቋረጠ። ሼፈርድስ ቡሽ የሚባል ሰፈር የምትኖር ያገሬ ልጅ ሶፋዋ ላይ ታስተኛኝ ነበር፤ በየቀኑ እጇን ማየት ግን አሳፈረኝ።

አንድ ጠዋት የሰፈሩ መናፈሻ ጥግ ለምለም ሳማ አየሁ። እኛ ቤት ሳማ የክፉ ቀን ምግብ ነበር። እናቴ ቀቅላ ስታበላን ጎረቤት እንዳያይ በሩን ትዘጋለች። እኔም እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ግራ ቀኙን እያየሁ መቅጠፍ ጀመርኩ።

መናፈሻውን በፈቃደኝነት የሚንከባከቡ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ሮጠው መጡና በትሕትና አስቆሙኝ። አንዱን ቅጠል ገልብጠው የሰፈሩበትን ጥቁር አባጨጓሬዎች አሳዩኝ። አገር ቤት በጫማ የምንጨፈልቀውን አባጨጓሬ! ነገ ቢራቢሮ ይሆናሉ አሉኝ፤ ከሳማ ሌላ አይበሉም፣ ከዚህ ከለቀቁ መሄጃ የላቸውም። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ደሜ ፈላ። «እኔስ?» ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ልበላው ነው ብል እናቴ የዘጋችውን በር እንደመክፈት ሆነብኝ። የቀጠፍኩትን መሬት ላይ ዘረገፍኩላቸው። ከልባቸው አመሰገኑኝ።

በሳምንቱ ስመለስ ሳማው በገመድ ታጥሯል፤ ሰሌዳም ተተክሎበታል፦ «እባክዎ አይንኩ፤ እዚህ የሚኖሩ አሉ።»

ከገመዱ ወዲያ አባጨጓሬዎቹ ይበላሉ። እኔ ከገመዱ ወዲህ ቆሜ፣ ሰሌዳውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ።