ልጃችን ማዕድ ቤት ውስጥ የተናገረችው

ስልኬ ውስጥ ልጃችን የባብል ቲ አሠራር የምታስረዳበት አራት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ የሚፈጅ የድምፅ ቅጂ አለ። ይህን ቅጂ ለስምንት ወር ከባለቤቴ ደብቄ ይዤው ነበር። ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ ከዚሁ እጀምራለሁ።

የተቀረጸው በስህተት ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከመስክ ዘገባ ተመልሼ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ እየገለበጥኩ ነበር። ታቦር ሠፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ነው፤ ደህና ብርሃን የሚገባው በማዕድ ቤቱ መስኮት ብቻ ነው። የማዳመጫውን ማቆሚያ የነካሁ መስሎኝ መቅረጫውን ነክቻለሁ። ልጄ ምድጃው አጠገብ ቆማ ስኳር እያፈላች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

መጠጡን ስልኳ ላይ አይታ ነው የጀመረችው። በየሳምንቱ መጨረሻ ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ በማንጎ፣ በአናናስ ወይም በፓሽን ትሠራና በላስቲክ ብርጭቆ ታድላለች። ቀዝቃዛ ሻይና የፍራፍሬ ጭማቂ ነው፤ ከሥሩ እንደ ሽምብራ ክብ የሆኑ፣ የሚታኘኩ ጥቋቁር ኳሶች ይቀመጣሉ፤ በወፍራም ስትሮ ይሳባሉ። መጀመሪያ የሰጠችኝ ቀን ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንስቼ፣ ይሄ የአሞራ ገደል ገበያ የዓሣ ዓይን ነው አልኳት።

«የዓሣ ዓይን ቢሆን አባዬ፣ እስካሁን ዘግበኸው ነበር» አለችኝ።

ቅጂው ከተቀረጸ ሦስት ወር ሳይሞላ በአጭር ሕመም አረፈች። ስለ ሕመሙ እዚህ አልጽፍም።

እኛ ቤት ተዝካር አይወጣም። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጡ፣ ዘመሩ፣ ጸለዩ፣ ወንበሮቹን አጥፈው ወደ ቦታቸው መለሱ። አርባኛው ቀን እንደማንኛውም ቀን መጥቶ አለፈ። ባለቤቴ መሃል ከተማ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔም ወደ ሥራዬ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይሆን ጀመር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ እሷ ስኳር ታፈላበት በነበረው ሰዓት፣ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ሦስት ጊዜ ወጥቼ አጣራሁ። ከጎረቤት አልነበረም፤ ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር፤ መስኮቱ ዝግ ነበር። ከየት እንደሚመጣ አላገኘሁትም፤ ያላገኘሁትንም አላገኘሁትም ብዬ እጽፋለሁ። ባለቤቴ ሽታውን ጠቅሳ አታውቅም። ነገር ግን ቤት በምትውልባቸው ቀናት በዚያ ሰዓት ማዕድ ቤት እንደማትገባ አስተውያለሁ።

አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንመለስ፣ ባጃጁ ውስጥ ቀጥ ብላ ወደ ፊት እያየች፣ «ድምጿ ጠፋብኝ» አለችኝ። ፊቷ አለኝ፣ እጇ አለኝ፣ አካሄዷ አለኝ፣ ድምጿን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት አለች። የልጅቷ ስልክ በይለፍ ቃል ተዘግቶ የሚከፍተው አልተገኘም። ስለ መጠጡ ያነሳቻቸው ቪዲዮዎች ሙዚቃ እንጂ ንግግር የለባቸውም። አብራን ስለምትኖር የድምፅ መልእክት የምትልክበት ምክንያት አልነበራትም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ያገሩን ሰው ሁሉ ትቀርጻለህ። የሷ የለህም?»

«የለኝም» አልኩ።

በሥራዬ ስህተት ሲገኝብኝ በማግስቱ ማረሚያ አወጣለሁ። ይህን ግን አላረምኩም። ምክንያቱም ቅጂው ላይ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። እኔም አለሁ። ልጄ ስታስረዳ አሥራ አራት ጊዜ «እህ» እላለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። የሚያዳምጥ ሰው «እህ» አይደለም፤ እየጻፈ ያለ ሰው «እህ» ነው። ስኳሩ እንዴት እንደሚፈላ፣ ዱቄቱ ላይ ትኩሱን እንዴት እንደምታፈስ፣ ሳይበርድ እንዴት እንደምታሸው፣ ምን ያህል እንደምታድበለብለው በዝርዝር ትነግረኛለች። መጨረሻ ላይ፣ «ዋናው ነገር ግን አባዬ፣ ዱቄቱን» ስትል የኔ ድምፅ ይመጣል። «ቆይ፣ ቆይ፣ ስልክ ነው።» እዚያ ላይ ያበቃል። የደወለው ከቢሮ ነበር። ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

ድምጿን ልሰጣት ስላልቻልኩ መጠጡን ልሠራላት ወሰንኩ። ይህ ሐሳብ ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሥራ በምትውልበት ቀን ቅጂውን ደጋግሜ ሰማሁ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፣ ከዚያ ገበያ ሄድኩ። ልጄ ካሳቫ ትጠቀም እንደነበር አውቃለሁ፤ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ስታመጣ አይቻለሁ። የካሳቫ ዱቄት የምትሸጠው ሴት ለእንጀራ ነው ለገንፎ ብላ ጠየቀችኝ። ለሻይ አልኳት።

«ሻይ?» አለችና አጠገቧ ወደተቀመጠችው ነጋዴ ዞራ በሲዳምኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም ሳቁ። «ጋሼ፣ ሚስትዎ አሉ? ወይስ ትተውዎት ሄደው ነው?»

አለች አልኩና ከፍዬ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ ገንፎ ሆነ። ሊጡ ተድበለበለልኝ፤ የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው ግን ኳሶቹ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተፈቱና ውሃው ወፈረ። ሁለተኛው ሙከራም እንዲሁ። ለሦስተኛው ቡላ ገዛሁ። ቡላው ከዱቄቱ ይሻል ነበር፤ ቅርጹን ትንሽ ያዘ፣ ከዚያ እሱም ከውጭ ወደ ውስጥ ሟሟ። ጭልፋውን ይዤ ድስቱ ላይ እንደቆምኩ የግቢው በር ተንኳኳ። መሥሪያ ቤቷ መብራት ጠፍቶ ባለቤቴ ቀድማ ወጥታ ነበር።

ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ለምን እንደምሠራው አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ድስቱን አየች፣ ከሳህኑ ላይ ከተረፈው ሊጥ ቆንጥራ በሁለት ጣቷ አሸችው።

«ስኳሩ እንደፈላ ነው ያፈሰስከው?»

«አዎ።»

«መጀመሪያ በማንኪያ፣ ከዚያ ትኩሱን በእጅ።»

«አዎ።»

«ሽምብራ አሳክለህ።»

«አዎ።»

እጇን ታጠበች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። ልጄ ስትሠራ እኔ ወደ ምድጃው ቀና ብዬ አይቼ እንደማላውቅ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

«ማን ነገረህ?»

ከኢንተርኔት ነው ማለት እችል ነበር። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትቀልድብኝ የኖረችበት አንድ አነጋገር አላት፤ ከሠፈር ወሬ ሰምቼ ስገባ ሁሉ ትለዋለች። አሁን ያለ ሳቅ አለችው።

«ምንጭህን ነው የምጠይቅህ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

ቆማ ጀመረች፣ ከዚያ ወንበሩን ሳታይ በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ልጃችን ስለ ስኳር ተናገረች። ምድጃው ሲንጣጣ ይሰማል። ልጃችን ሳቀች፤ ሳቋ ቅጂው ላይ መኖሩን ረስቼው ነበር። እኔ «እህ» አልኩ። ባለቤቴ ፊቷን በመዳፎቿ አልሸፈነችም፣ አላለቀሰችም። ሰው መንገድ ሲጠቁሙት እንደሚያዳምጥ፣ አንድም እንዳያመልጣት ሆና አዳመጠች። አለቀ።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያ የለም። ስልክ መጣልኝ።»

«ከስልኩ በኋላስ? ምን ልትዪኝ ነበር ብለህ ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም።»

ስልኩን አነሳችና ልጃችን ካረፈችበት ቀን ጀምራ ቆጠረች። «ስምንት ወር» አለች። ቅጂውን ወደ ራሷ ስልክ ላከች፣ የኔን መለሰችልኝ፣ ወጥታ ሄደች።

አራት ቀን ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ስለ ውሃ፣ ስለ ቁልፍና ስለ ዳቦ ብቻ ነው። እኔም ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ያልተላጠ ካሳቫ በዘንቢል ይዛ ከገበያ ገባች። ሳፋና መፈቅፈቂያ ፊቴ አኖረችና፣ «ፈቅፍቅ» አለችኝ።

ስፈቀፍቅ ልጃችን ልትለኝ የነበረውን እሷ ነገረችኝ። ዱቄቱ የሚገዛ ዱቄት አይደለም። ጥሬው ካሳቫ ይፈቀፈቃል፣ በውሃ ይታሻል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጨመቃል፤ ውሃው ሳፋ ውስጥ ሳይነካካ ይቀመጣል፤ ከሥር የሚረጋው ነጩ ነው የሚፈለገው። ላይኛው ውሃ ይደፋል፤ መርዝ ስላለበት ማንም እንዳይቀምሰው። ቡላ ከእንሰት የሚወጣው እንዲህ ነው። ባለቤቴ በልጅነቷ ይርጋለም አካባቢ ከእናቷ ጋር ስታጠልል አድጋለች። ልጃችን እንሰት ሲፋቅ አይታ አታውቅም፤ ኳሶቿ አልያዝ ሲሏት ግን እናቷን ጠየቀች፣ እናቷም እዚሁ ማዕድ ቤት ውስጥ አሳየቻት። እኔ ያን ቀን የት እንደነበርኩ አልጠየቅሁም። መልሱ ደብተሬ ላይ ይኖራል።

በማግስቱ ከሥር የረጋውን ነጭ አድርቀን፣ ትኩስ የስኳር ውሃ አፍስሰን አሸነው። እጄ ተቃጠለ። እሷ በደቂቃ ሃያ ስታድበለብል እኔ አምስት እየሠራሁ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድስቱ ውስጥ ሲገቡ ሰመጡ፣ ቆይተው አንድ በአንድ ተንሳፈፉ፣ አንዳቸውም አልተፈቱም። ማንጎና ፓሽን ጨመቅን። በሁለት ብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱን ሳበች፣ ረጅም ጊዜ አኘከች።

«የሷ አይደለም» አለች።

ምን እንደጎደለው ጠየቅኋት። ምናልባት ሎሚ ትጨምር ነበር አለች፣ ወይ ሻዩን ሳይፈላ ታወጣው ነበር። ቅጂው ላይ ሎሚ እንደሌለ ነገርኳት።

«ቅጂው ላይ ያለው ብቻ አይደለችም» አለችና ብርጭቆውን ጠጥታ ጨረሰች።

አሁን ከሥራ ስትመለስ ማዕድ ቤት ትገባና በሩን ዘግታ ቅጂውን ትከፍታለች። እኔ ሳሎን ሆኜ እሰማለሁ። ልጄ ታስረዳለች፣ እኔ «እህ» እላለሁ፣ ልጄ ትስቃለች፣ እኔ «እህ» እላለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እስከ መጨረሻው ትሰማው ነበር፤ መጨረሻው በደረሰ ቁጥር እስክርቢቶዬን አስቀምጣለሁ።

ከጥቂት ቀናት ወዲህ ግን «ዋናው ነገር ግን አባዬ፣ ዱቄቱን» ከሚለው በኋላ ፀጥ ይላል። መጀመሪያ ቅጂው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ እኔ ከመናገሬ በፊት በጣቷ ታቆመዋለች። የሰው ቃል መሀል ላይ አይቆረጥም እያልኩ ለስንት ወጣት ዘጋቢ አስተምሬያለሁ። ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ እስከ መጨረሻው ተዪው ልላት። እጀታውን ይዤ ቆምኩ፤ አልገባሁም። «ቆይ» የሚለው ቃል አሁን የሚሰማው እኔ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል። ከበሩ ወዲያ ቅጂው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ።