ወደ ኮምፒውተሩ የወረደው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ የፋክስ ድምፅ ሰማሁ። ያ ጩኸት ከብዙ ዓመት በፊት ወደሠራሁበት፣ ዲላ ወዳለው የታላቅ ወንድሜ የቡና ንግድ ቢሮ መለሰኝ፤ የቡና ገለፈት ሽታ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር እስኪገናኝ የሚያሰማው እዬዬ።

ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን የገጠመልን ቴክኒሻን፣ «ኢሜይልሽን ኢንተርኔት ላይ እየከፈትሽ ታነቢያለሽ ወይስ እዚህ ማሽን ላይ ይውረድልሽ?» አለኝ። መስመሩ በየደቂቃው ስለሚቋረጥ «ይውረድ» አልኩት። «አንዴ ከወረደ ግን ኢንተርኔቱ ላይ አይቀርም» ብሎኝ ነበር። ልብ አላልኩትም።

ኮሌጅ አብሮኝ የተማረ፣ አዲስ አበባ የሚኖር ልጅ ይጽፍልኝ ነበር። ወንድሜ አያውቅም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መልእክቶቹ ሲወርዱ ስሙን አየሁ። ልከፍተው ስል ወንድሜ ጃኬቱን ለብሶ ከኋላዬ ቆመ።

«በቃ አጥፊው። ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያው ጋ ልሄድ ነው፣ ጥቂት ቀን እቆያለሁ» አለኝ።

አጠፋሁት። ቢሮውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ሄደ።

በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። የመልእክት ሣጥኔን ስከፍተው ባዶ ነው። የቴክኒሻኑ ቃል ያኔ ገባኝ። «ደብዳቤህን አላነበብኩትም፣ ድጋሚ ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ቅዳሜም እሑድም ብመላለስ መልስ የለም። በቢሮው መስኮት ፍርግርግ በኩል በጨርቅ የተሸፈነውን ኮምፒውተር እያየሁ እቆማለሁ። ሞባይል ገና እጃችን አልገባም፤ ወደ ወንድሜ ሰው ብልክስ ምን ልበል? ሰኞ ምሳ ሰዓትም እዚያው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ነበር። ውጭ የሞያሌ አውቶቡሶች ጡሩምባቸውን ይነፋሉ።

ረቡዕ ቢሮው ተከፈተ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ሞያሌ ተመድቤያለሁ። ሰኞ ሰባት ሰዓት ገደማ አውቶቡሳችን ዲላ ለምሳ ይቆማል። ሽማግሌ ላክ የምትዪኝ ከሆነ መናኸሪያ ጠብቂኝ። ካጣሁሽ መልስሽን አውቄዋለሁ፤ ዳግመኛ አላስቸግርሽም።»

የሆነውን ሁሉ ጻፍኩለት። ሞያሌ ያኔ ኢንተርኔት ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። መልስ ግን አልመጣም።

ለወንድሜ የነገርኩት አምና ነው፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ።

«ሰው ብትልኪብኝ ቁልፉን እሰጠው አልነበር?» አለኝ።

«የማን ደብዳቤ ነው ብለህ ብትጠይቀኝስ?»



«እጠይቅሽ ነበር» አለ።