እትዬ ማይክና አንገቷ ውስጥ የተቀመጠው ጠሪ

የአውቶብስ ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ «እትዬ ማይክ» ነው የሚላት። ከትኬት መስኮቶቹ በላይ ባለች፣ አንድ ወንበርና አንድ ማራገቢያ ብቻ በምትይዝ ክፍል ተቀምጣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶብስ ስትጠራ የኖረች ሴት ናት። «የመስመር ሰባት ተሳፋሪዎች፣ መግቢያ አራት!» ካለች የተኛው ይነቃል፣ ግራ የተጋባው መግቢያውን ያገኛል። ጥርት ያለ ድምፅ ነው ያላት፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ምን ይደረግ! ባሏ እንኳ ፊቷን ሳያይ ነው በድምፅዋ የተሸነፈው። የትም ሳይሄድ ስድስት ወር ሙሉ ጣቢያ ተመላልሶ፣ በመጨረሻ ደረጃውን ወጥቶ በሯን አንኳኳ። ይህንን ሲያወራ እስከ ዛሬ አይሰለቸውም።

ታዲያ ያ ድምፅ አንድ ዓመት ላይ ቀስ በቀስ ይበላሽ ጀመር። መጀመሪያ ሻከር አለ፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ወፈረ። ከዚያ ደግሞ ተጎተተ፤ «የመስመር» ብላ «ሰባት» እስክትል ሰው መንገድ ይጀምር ነበር። ሰውነቷም አብሮ ከዳት። ሌላው በላብ ሲጠመቅ እሷ ሹራብ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ አበጠ፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ማይኩ ፊት እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይጥላታል። ትኬት ቆራጮቹ «ዕድሜ ነው» አሏት። በአርባ ስድስት ዓመት ምን ዓይነት ዕድሜ ነው? አፍ ሲገኝ እንዲሁ ይከፈታል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጥሪው ሳይገባቸው አውቶብሱ ጥሏቸው ሄደ። የልጅ ልጃቸው ምርቃት ነበር፣ ቀረባቸው። የደረጃውን ብረት ይዘው እየተነፈሱ ወጡና፣ «ልጄ፣ ምን እንዳልሽ እኮ ሊገባኝ አልቻለም» አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ያን ቀን ቤቷ ገብታ እንባዋን ዘረገፈችው።

የጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቅሬታ ሲደርሰው ዝም ማለት አይችልም። የተቀዳ ድምፅ የሚያሰማ አዲስ ማሽን ተልኮለት ቢሮው ጥግ ከነሳጥኑ ተቀምጧል። «እትዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሻንጣ ክፍል ሥሪ። ሦስት ወር እጠብቅሻለሁ፣ ታከሚ። ድምፅሽ ካልተመለሰ ሳጥኑን እከፍታለሁ» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሳጥን ሊተካ!

በዚያው ሳምንት ዓርብ የጥሪ ክፍሏ በር ተንኳኳ። በየሳምንቱ በመስመር ሰባት እናቷን ልትጠይቅ የምትሄድ፣ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። ተያይተው አያውቁም።

«ይቅርታ እህቴ» አለች ልጅቷ፣ «ድምፅሽ ሲለወጥ ወራት ሆነኝ ስሰማው። አንገትሽን ልየው?»

«ምነው፣ ልታንቂኝ ነው?»

«ብርድ ብርድ ይልሻል አይደል? እንቅልፍም ያበዛብሻል?»

እትዬ ማይክ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ በድምፅ ማጉያ። ሰኞ ነይ፣ ደም እወስድልሻለሁ፤ ሐኪምም ያይሻል።»

ሰኞ ደሟን ሰጠች። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ታይሮይድ የሚባለው የአንገቷ ዕጢ ሥራውን እንደቀነሰ ነግሮ፣ የሚጎድላትን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን አዘዘላት፤ በየጠዋቱ፣ በባዶ ሆድ። እሷ ከነገራት ግማሹን አልሰማችም። የላቦራቶሪዋ ልጅ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«አንቺ መስመር ሰባትን ስትጠሪ ስንት ሰው ይሰማል?»

«አዳራሹ ሙሉ።»

«የሚነሳውስ?»

«የመስመር ሰባት ትኬት የያዘው ብቻ ነዋ!»

«ሆርሞን ማለት እሱ ነው። አንዱ ዕጢ ደም ውስጥ ይለቀዋል፤ ደም ደግሞ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ሁሉም ሴል ጋ ይደርሳል፣ የሚነሳው ግን ለዚያ ሆርሞን የሚሆን ተቀባይ ያለው ሴል ብቻ ነው። ሌላው ቁጭ እንዳለ ያሳልፈዋል። ያንቺ የአንገት ዕጢ ግን ጉደኛ ነው፤ የሚጠራው ጣቢያውን በሙሉ ማለት ይቻላል። ልብሽን፣ አንጀትሽን፣ ቆዳሽን ‹ሥሩ፣ ሙቀት አውጡ› ይላል። አሁን ድምፁ ስለደከመ ሁሉም ተቀምጦ ያንቀላፋል።»

«ወይ ጉድ! የእኔው ቢጤ ጠሪ አንገቴ ውስጥ አለ ማለት ነው?»

«አለ። ራስሽ ውስጥ፣ ከአንጎልሽ ሥር ደግሞ ሽንብራ የምታክል ሌላ ዕጢ አለች፣ አለቃው ናት። እሱ ሲደክም እሷ ‹ሥራ! ሥራ!› እያለች ትጮሃለች። ጩኸቷም ሆርሞን ነው፤ ደምሽ ውስጥ ተትረፍርፎ ያገኘሁት እሱን ነው።»

«ቁርጥ የእኛ ኃላፊ» አለች እትዬ ማይክ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

«ግን ታገሺ። አንዳንድ ሆርሞን ከሴሉ በር ላይ ሆኖ ነው የሚጣራው፣ ሴሉም ወዲያው ይሮጣል፤ ስንደነግጥ ልባችን እንደሚመታው። ይሄኛው ግን በሩን አልፎ እስከ ሴሉ እምብርት ይዘልቅና እዚያ አዲስ ሥራ ያስጀምራል። ሳምንታት ይፈልጋል።»

እትዬ ማይክም ታገሠች፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን ሳታጓድል ኪኒኑን ዋጠች። ሻንጣ ክፍል ውስጥ ቁጥር እየለጠፈች፣ አንዱ ትኬት ቆራጭ የሷን ጥሪ በአፍንጫው ሲያነበንበው እየሰማች ታገሠች። ለውጥ የለም። ደሟ እንደገና ታየ፤ የሽንብራዋ ጩኸት እንዳለ ነው። የቀራት ስድስት ሳምንት ብቻ ነው።

«እንዴት ነው የምትውጪው?» አለች የላቦራቶሪዋ ልጅ።

«እንደተባልኩት! ከወተቱ በቀር አንዲት ነገር በአፌ አይገባም።»

«የቱ ወተት?»

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። አማቷ ጉሮሮዋ እንዲለሰልስ ብለው ማለዳ ተነስተው፣ ወተት አፍልተው፣ ኪኒኑን በማንኪያ ይዘው አልጋዋ ድረስ ያመጡላት ነበር። በዚያ ቤት ምግብ ማለት የሚታኘክ ነገር ነው፤ ወተት ጠጥቶ ሆዴ ባዶ አይደለም የሚል ሰው የለም።

«ወተቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኪኒኑን አንጀትሽ ላይ ይይዘዋል፤ ደምሽ ውስጥ የሚገባው ጥቂቱ ነው» አለቻት። «በውኃ ብቻ ዋጪ፤ ቁርስ አንድ ሰዓት ቆይቶ፤ ወተቱ ከሰዓት በኋላ ይሁን።»

አማቷ ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «እኔው ነኝ የገደልኩሽ! በገዛ እጄ!»

«ኧረ እማማ፣ አልሞትኩም እኮ» አለችና እጃቸውን ሳመች። ከእንቅልፋቸው እየተነሱ ለምራታቸው የሚለፉ አማት ስንት ናቸው? በማግስቱ ሴትዮዋ ውኃ በብርጭቆ ይዘው መጡ፤ የቁርሱ ሰዓት እስኪደርስም ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ማንንም አላስገቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ሹራቡን አወለቀች። በአራተኛው ባሏ፣ «ትናንት እንደ ድሮሽ ተቆጣሽኝ፣ ተመስገን» አላት። በስድስተኛው ደሟ ታየ፤ የሽንብራዋ ጩኸት ጋብ ብሏል።

ሦስት ወሩ የሞላው ዓርብ ቀን ነው። ድምፅዋን ማይኩ ላይ ልትሞክር ደረጃውን ስትወጣ ሻንጣ ክፍል ያለው ጓደኛዋ፣ «ያቺ የላቦራቶሪዋ ልጅ ዛሬ ጠቅልላ እናቷ ጋ ልትገባ ነው፣ ሁለት ሻንጣ ይዛለች» ብሎ ጮኸላት። ወርዳ እንዳትሰናበታት ሰዓቱ ደርሷል። ኃላፊው ሳጥኑን በእጁ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል። ማይኩ ላይ ከጥሪ ውጭ አንዲት ቃል መናገር ክልክል ነው፤ ግድግዳው ላይም ተለጥፏል።

ማይኩን ከፈተች። «የመስመር ሰባት ተሳፋሪዎች፣ መግቢያ አራት!» ወጣ! ጥርት ብሎ ወጣ። ሻንጣ ክፍል ያለው ጓደኛዋ አጨበጨበ። እዚያ ላይ መዝጋት ነበረባት፤ ጣቷ ግን እምቢ አለ።

«ከመካከላችሁ» አለች፣ «አንገቴን ልየው ብላ በሬን ያንኳኳችው እህቴ፣ ይህ ድምፅ ያንቺ ነው። እግዜር ይስጥልኝ። እማማም ሰላም ብለውሻል።»

አዳራሹ ሙሉ ሰማ። ሰው ሻንጣውን ይጎትታል፣ ልጁን ይጠራል፣ ውኃ ይገዛል። መግቢያ አራት አጠገብ ግን አንዲት ሴት ሁለቱንም ሻንጣዎች መሬት ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው መስመር ስምንትን ጥሪ፣ ዘግይቷል» አለና ሳጥኑን እንደታሸገ ይዞ ወረደ።

እትዬ ማይክ መስመር ስምንትን ጠራች። ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ይሄኛው እንኳ ከዕጢው አልነበረም።