እማዬ ሞተሬን ያቆመችበት ቀን

ባለፈው እሁድ ከምሳ በኋላ እማዬ ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ያችው የድሮ ባለቁልፍ ስልኳ ናት። ጀርባዋ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፤ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን አሁንም ይነበባል፤ «1 የት ነው፣ 2 አቁም፣ 3 አስነሳ»። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። «ይቺን ለቤዛም ሥራላት» አለችኝ።

ቤዛ ታናሽ እህቴ ናት። በቅርቡ ሞተር ሳይክል ገዝታ ከጓደኞቿ ጋር ድንበሩ ላይ ያለችው ደወሌ ድረስ ልትጓዝ አስባለች። እማዬ አትሂጂ አላለቻትም። ለጎረቤቱ ሁሉ ስትተርከው የኖረችውን ታሪክ ብቻ እንደገና ጀመረችላት፤ «ወንድምሽን ከጎርፍ ያተረፍኩት በዚህች ስልክ ነው» እያለች። ቤዛ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች። ታሪኩ ግን እሷ እንደምትለው አልነበረም፤ ይህንንም የምናውቀው እኔና ጓደኛዬ ሙክታር ብቻ ነን።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ግን ሞተረኛ ነኝ። አሥር የማንሞላ ሰዎች ነበርን፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ፣ የመለዋወጫ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ የመሳሰለው። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ግማሹ ወሬ ስለ ጎማና ስለ መንገድ፣ ግማሹ ስለ ቤት ዕቃ ነበር። አንዱ ዋይፋዩ መኝታ ቤቱ ድረስ አልደርስ ይለዋል፣ ሌላው መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑን በሞተር ባትሪ ማስነሳት ያምረዋል። መልስ የምሰጠው በአብዛኛው እኔ ነኝ። «ኢንጂነሩ» እያሉ ያሾፉብኛል፤ እኔ ደግሞ ሹፈቱን እንደ ምስጋና እወስደው ነበር።

ሙክታር ከሁሉም የምቀርበው ጓደኛዬ ነው። ሸደር ባለው የስደተኞች ጣቢያ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተማችን ክፉ ቀን ባየች ጊዜ እኔን ቤቱ አስገብቶ የደበቀኝ እሱ ነበር። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከጎረቤቶቿ ጋር ተጠልላ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ሁለት ሌሊት አሳልፋለች። ከዚያ ወዲህ ሙክታር «ሆዮ» ብሎ በእናት ስም ሲጠራት እንባ ይቀድማታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስልኬ ለአንድ ሰዓት ከተዘጋ እህል በአፏ አይዞርም።

ስለዚህ ከድሬዳዋ ማዶ ያለችው ኤረር ድረስ ሄጄ ፍል ውሃውን አይቼ ልመለስ ስላት እንዴት እንደሆነች መገመት አያቅትም። እኔም ብልሃት ፈጠርኩ። የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ሲም ካርድ የሚገባባት ዕቃ ገዛሁ። ሞተር ሳይክሉ ላይ ትታሰራለች፤ መልእክት ሲላክላት ያለችበትን ቦታ ትመልሳለች፤ ሌላ መልእክት ሲላክላት ደግሞ ወደ ካንዴላው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ቆርጣ ሞተሩን ታጠፋለች። ለሌባ ተብላ የተሠራች ናት። እማዬ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝና፣ «አንተም ከስልክህ ማስነሳት ከቻልክ ለእኔ ምን ዋጋ አለው?» አለች። ነገሩ እውነት ነው። ከእሷ ቁጥር በስተቀር ከማንም ትእዛዝ እንዳትቀበል አድርጌ አስተካከልኳት። «ሳይቃጠል በቅጠል» አለች እማዬ፣ ደስ ብሏት።

ሽቦውን ነዳጅ መያዣው ሥር ቀብሬ በጥቁር ፕላስተር ደጋግሜ ጠቀለልኩት። ሌባ ግማሽ ሰዓት ቢታገል አያገኘውም ብዬ ግሩፑ ላይ ፎቶውን ብለጥፍ ሁሉም አጨበጨበልኝ። ግቢያችን ውስጥ ስንሞክረው እማዬ 2ን ላከች፤ ሞተሩ ቀጥ አለ። 3ን ላከች፤ ማስነሻውን ስጫነው ተነሳ። እንደ ልጅ ሳቀች።

ነሐሴ ላይ በማለዳ ተነሳን፤ እኔና ሙክታር ብቻ። ካራማራ ላይ ጉም ነበር፤ እጃችን በጓንት ውስጥ ደንዝዟል። ባቢሌ ቆመን ትኩስ የተቆላ ኦቾሎኒ ኪሳችን ሞላን። ሐረርን አልፈን የደንገጎን ቁልቁለት ስንጨርስ ሙቀቱ ፊታችን ላይ ተከፈተ፤ ጃኬታችንን አውልቀን ጫንነው። ድሬዳዋ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን፣ ሙዙን እንደ ወጉ ከሩዙ ጋር እየገመጥን። እዚያው እያለሁ የስልኬ ባትሪ መውረዱን አየሁና ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አደረግሁት። ይህንንም ለግሩፑ የመከርኩት እኔ ነበርኩ፤ በጉዞ ላይ ባትሪ የሚበላው ኔትወርክ ፍለጋ ነው ብዬ።

ከሁርሶ በኋላ መንገዱ አሮጌውን የባቡር ሐዲድ ተከትሎ ይሄዳል፤ በየጥቂቱም ደረቅ ወንዝ ያቋርጠዋል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ ናቸው። ሙክታር ስለ እነዚህ ወንዞች አንድ ሕግ አለው፤ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ፎቶ የለም፣ ሽንት የለም፣ ሰላምታም የለም። እዚህ ፀሐይ እያለ ተራራው ላይ ከዘነበ ውሃው ሳይነግርህ ይመጣል ይላል። ሁለቱን እንዲሁ ተሻገርን። ሦስተኛው ሰፊ ነበር፤ የኳስ ሜዳ ያህል ይሆናል። ሙክታር ቀድሞ ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ መሃሉ ላይ ስደርስ ሞተሬ ቀጥ አለ።

መብራቱ በርቷል። ማስነሻውን ስጫነው ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም። ልክ ግቢያችን ውስጥ እንዳየሁት ነበር። ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። ስልኬን አውጥቼ ኤሮፕሌን ሞዱን አጠፋሁ። ኔትወርኩ ሲመለስ የጥሪ መልእክቶች ተግተለተሉ፤ እማዬ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላ ነበር።

መልሼ ደወልኩ። ገና አንዴ እንደጠራ አነሳችው።

«አቆምኩህ» አለች፣ በእርጋታ። «ስልክህ አይሠራም። 1ን ብልክ ከሁርሶ ማዶ ነህ ብቻ አለኝ። ቁልቢ ያለችው አክስትህ ደውላ ዝናቡ ለጉድ ነው አለችኝ። ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እማዬ። 3ን ላኪልኝ።»

«ዝናቡ ሳያባራ? መንገዱ ያንሸራትታል።»

«እዚህ እኮ ፀሐይ ነው።»

በዚያች ቅጽበት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ወንዝ ውስጥ ነኝ ማለት ሦስት ቃል ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ትዝ አሉኝ፤ ደም ግፊቷ ትዝ አለኝ፤ ይህን ሰምታ ስልኩን ይዛ ስትወድቅ በዓይኔ ታየችኝ። ደግሞም፣ አሁን ላይ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፣ ብነግራት ሁለተኛ ሞተር ላይ እንደማታስወጣኝ አውቅ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ላይ ነኝ፣ አታስቢ አልኳት።

«ጥሩ ቦታ ከሆንክ እዚያው ቁጭ በል» አለችና ዘጋችው። ደግሜ ብደውል አላነሳ አለች። በኋላ እንደነገረችኝ ለጸሎት ተነስታ ነበር።

ከማዶ ሙክታር ለምን እንደቆምኩ በእጁ ይጠይቀኛል። ከእሱ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ፍየል የምትጠብቅ ሴት ሻሿን ፈትታ ታውለበልባለች። «ዳድ! ዳድ!» ትላለች። ዳድ በሱማሌኛ ጎርፍ ነው። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ግን ከወንዙ ላይኛው በኩል የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ ከዚያ ድምፅ ተሰማ፤ ከሩቅ ከባድ መኪና አቀበት ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ነው።

ራሴ የቀበርኩትን ሽቦ ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም፤ ሞተሯን ገፋሁ። ጭነቷ ከባድ ነበር፤ የኋላ ጎማዋ አሸዋው ውስጥ ሰምጦ አልወጣም አለ። ጥዬ መሮጥ እችል ነበር። ለምን እንዳልሮጥኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሞተሯን ጎርፍ ከወሰዳት እማዬ ምክንያቱን ትጠይቃለች፤ እውነቱ ይወጣል። ሞትን ሳይሆን ይህን ፈራሁ። በከንቱ መግፋቴን ቀጠልኩ።

ሙክታር የዕቃ ማሰሪያ ገመዱን ይዞ በሩጫ ተመልሶ መጣ። ሕጉን ሁሉ አፍርሶ ወንዙ መሃል ቆመ። ምን ሆነች ብሎ ጠየቀኝ፤ እማዬ አጠፋቻት አልኩት። ገመዱን የፊት ጎማዋን ከያዘው ሹካ ላይ አስሮ ትከሻው ላይ አደረገና ጎተተ፤ እኔ ከኋላ ገፋሁ። ጎማው ተነቀለ። ዳሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ውሃው መጣ።

እንደጠበቅሁት ግድግዳ ሆኖ አልመጣም። ጭራሮና አረፋ እየገፋ፣ እየተንሻፈፈ፣ አሸዋውን እየላሰ ነበር የመጣው። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ። ቀና ስል ጉልበቴ ደርሷል። እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ሲሄድ ተሰማኝና ጮኽኩ፤ የማንን ስም እንደጠራሁ አላውቅም፣ ሙክታር ግን የእናትህን ነው ይለኛል። በአንድ እጁ ገመዱን፣ በአንድ እጁ የሸሚዜን አንገትጌ ይዞ ጎተተኝ። ፍየል ጠባቂዋም ወርዳ ገመዱን አብራው ያዘች። የፊት ጎማው ደረቁን መሬት ሲረግጥ ሦስታችንም ተያይዘን ወደቅን። ስንዞር እኔ ቆሜ «ጥሩ ቦታ ነኝ» ያልኩበት ቦታ አልነበረም። አንድ ሙሉ ግንድ እየተገለባበጠ በላዩ አለፈ።

የሄልሜቴን ማሰሪያ መፍታት አቃተኝ፤ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ሴትዮዋ ፈታችልኝ። በሱማሌኛ ፈጣሪን አመሰገነች። ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። ስልኬ ጮኸ። እማዬ ጸሎቷን ጨርሳ ነበር፤ «በል፣ በቀስታ ሂድ፤ 3ን ልኬልሃለሁ» አለችኝ። ተነስቼ ማስነሻውን ተጫንኩ። ሞተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ በአንዴ ተነሳ።

«ሆዮ ፈቀደች» አለ ሙክታር። ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን፤ እኔ ሳቁን ማቆም አቅቶኝ አለቀስኩ።

ከፊታችን ያሉት ወንዞችም እስኪጎድሉ ጠብቀን ኤረር የደረስነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ፍል ውሃው ያማረ ነበር፣ ኤረር የምትታወቅበት ፓፓያም እንደ ስሙ ነበር። ሙክታር ገብቶ ታጠበ። እኔ ዳሩ ላይ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ለእማዬ ደውዬ ከፊታችን ወንዝ ሞልቶ ቆመን አሳለፍነው አልኳት። «ባላቆምህ ኖሮ ውስጡ ትገባ ነበር» አለች። አዎ አልኳት። ያቺን «አዎ» ሰባት ዓመት ተሸክሜያታለሁ። ሙክታርም በየበዓሉ ቤታችን መጥቶ፣ እማዬ ታሪኩን ለእንግዳ ስትተርክ፣ ሳህኑን እያየ ዝም ይላል።

እሁድ ዕለት ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ቤዛ ልትሄድበት የተነሳችው መንገድም ደረቅ ወንዝ አያጣም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ስጨርስ ቤዛ እናቷን እንጂ እኔን አላየችም።

«እዚያው ቁጭ በል ስልህ፣ የት ነበርክ?» አለች እማዬ።

«ወንዙ መሃል።»

«ስልኩን ዘጋሁብህ።»

«አላወቅሽማ።»

«እንዴት ልወቅ? ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«ዳንኤል» አለች። በሙሉ ስሜ የምትጠራኝ በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። «እኔ ሳልፈራ ያደርኩበት ቀን አለ? ፍርሃትን ለምጄዋለሁ። ልጄ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ሲዋሸኝ ግን ምን ላድርግ?»

ስልኩን አነሳችና ቢጫውን ፕላስተር በጥፍሯ ፋቀችው። ወረቀቱን ቀደደች፤ የመጀመሪያዋን ቁራጭ፣ «የት ነው» የሚለውን፣ መልሳ ለጠፈች።

የቤዛ ሞተር ላይ ያሰርኩት ቦታ የሚናገረውን ብቻ ነው። ማጥፊያውን ሽቦ ቆርጬ ጣልኩት። እኔ እማዬን ከፍርሃት የማድናት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፍርሃቱን ትቼላት እውነቱን ነው የወሰድኩባት። ይህ የገባኝ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ግሩፑ ላይ ያን ሁሉ ምክር ከሰጠሁ በኋላ።

ዛሬ ጠዋት ቤዛ ጉዞዋን ጀመረች። እኩለ ቀን ላይ እማዬ ደወለችላት፤ እኔ እማዬ አጠገብ ነበርኩ። ደህና ነሽ ወይ አላለችም፤ በላሽ ወይም አላለችም።

«የቆምሽበት መሬት ደረቅ ነው?» አለች።

ቤዛ ሳቀች፤ ሳቋ ከስልኩ ወጥቶ ተሰማኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም፤ መልሱን ጠበቀች።