ለእኔ የተመረጠው ደህና ቦታ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ አንድ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሐኪሙ «ከማሽንና ከመሰላል ራቅ» ስላለኝ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጃችን ለጓድ ታደለ ነገርኩት።

ጓድ ታደለ አሰበ፣ አሰበና የነዳጅ መጋዘን ጠባቂ አደረገኝ።

«ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፤ ብትወድቅም አሸዋ ላይ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በዚያ ሙቀት ከዚያ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? በርሜሎቼን እየጠበቅኩ ተደላድዬ አንቀላፋ ነበር።

የረሳነው ሰዉን ነው። እኛ ጋ አንዱን ሲጥለው ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቱታል። ምን እንደሚጠቅም እነሱም አያውቁም። ያኔ ክብሪት ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበር የሚገኘው፤ ጎረቤትህን ብትለምን «የለኝም» ብሎ ይምላል። እኔ ስወድቅ ግን ከየኪሱ ይወጣል!

አንድ ቀን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ጣለኝ። ስነቃ የመጋላ ሰፈሩ ጓደኛዬ አብዲ የክብሪት ቀፎና እንጨት ይዞ ሊጭር ሲል አየሁት። ከኋላዬ ደግሞ በርሜሎቹ ተደርድረዋል።

«ወሪያ አብዲ! ቤንዚን ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩና እጁን ለቀም አደረግኩት።

«አቦ ልቀቀኝ! አንተማ ነቅተሃል» አለኝ።

«ታዲያ ለማን ልትጭር ነው?»

በአገጩ ወደ ጎኔ አመለከተኝ። ጓድ ታደለ፣ ሠራተኛው ሁሉ ክብሪት ይዞ ወደ ነዳጁ ሲሮጥ አይቶ፣ ራሱን ስቶ አጠገቤ ተዘርሯል።