የእትዬ ኩብራ ማጥፊያ

የደብረ ብርሃን ስልክ ቤቷን አልታየችን በመልኳ የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ በድምፅዋ የማያውቃት ግን የለም። ያ ቀጭን፣ ቁጣ ቁጣ የሚለው “ሃሎ፣ ደብረ ብርሃን!” ከደነባ እስከ መዘዞ ይታወቃል። ገበያ መሀል በሽንኩርት ዋጋ ስትከራከር ሰምተው “እንዴ! ስልኳ አይደለችም እንዴ?” ብለው የሚዞሩ አሉ። ወጣትነቷ ያለፈው እንዲህ ነው፤ ጉልበቷን ባገሩ ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ማዞሪያው ፊት ተቀምጣ፣ ገመድ እየነቀለችና እየሰካች። ባል አላገባችም። ለምን ቢሏት፣ “ቀኑን ሙሉ ሰው ሳገናኝ እውላለሁ፣ ለራሴ መቼ ደርሼ!” ትላለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አልታየች ሰው ሲያወራ አትሰማም። ዘመኑ ጆሮ የበዛበት የደርግ ዘመን ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ ወገኖች “ሃሎ” ሲባባሉ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውርዳ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ሲጨርሱ የምታውቀው ማዞሪያው ላይ ባለችው ምልክት ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ከመጣ በኋላ ነው፤ አንድ ከሰዓት ወደ ሰሜን የሚጓዝ የወታደር መኪና ሰልፍ ከተማው መሀል ቆመ። የአንዱ መኪና ጎማ ፈንድቶ ነው። ሰልፈኛው ሻይ ፍለጋ ሲበተን፣ መለዮው ከራሱ የሰፋ አንድ ልጅ ግን እያለከለከ ስልክ ቤት ገባ።

“እትዬ፣ እባክሽ አልዩ አምባ አገናኚኝ። እናቴን ነው።”

“ማን ልበል?”

“አብዱልሀሚድ ዘይኑልአቢዲን።”

ቤቱን አወቀችው። ሟቹ አቶ ዘይኑልአቢዲን አልዩ አምባ ላይ ቤታቸው ስልክ ካስገቡት ጥቂት ነጋዴዎች አንዱ ነበሩ። አሁን እዚያ ቤት ያሉት ባለቤታቸው እትዬ ኩብራ ብቻ ናቸው።

“ከካምፕ ስንወጣ ወዴት እንደምንሄድ አልነገሩንም” አላት ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አሁን ግን ታወቀ። የእናቴን ዱዓ ሳልይዝ እዚያ ቦታ መግባት ፈራሁ። የፈቀዱልኝ ጎማው እስኪቀየር ነው።”

“ቁጭ በል” አለችው እንደመቆጣት ብላ፣ ሲከፋት እንደዚያ ናትና።

አልዩ አምባ የሚደረሰው በአንኮበር በኩል ነው። የአንኮበሩን ማዞሪያ የያዙት ጋሼ ኃይለ ገብርኤል የሚባሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የእትዬ ኩብራን ቤት እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው። ደወሉ። ጠበቀች።

“ዝም ነው፣ ልጄ” አሏት። “ይህ ስልክ እንዲህ ከሆነ ሰነባበተ። እሳቸውም አላመለከቱ፣ እኔም ገደሉ ላይ ተበጥሶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።”

“ኧረ ጋሼ! እስቲ ይንገሩኝ፣ የመደወያው እጀታ ሲያዞሩት ይከብዳል ወይስ ይቀላል?”

ወዲያ ጫፍ ስልክ ካለ እጀታው እጅን ያዝ ያደርጋል። ሁለቱ ሽቦ ተነካክቶ እንደሆነ ይደርቃል። መስመሩ የሆነ ቦታ ከተቆረጠ ግን ላባ ነው።

“ይቀላል” አሉ ጋሼ። “ባዶውን ነው የሚሽከረከረው።”

ተቆርጧል ማለት ነው። ግን የት? ከአንኮበር አልዩ አምባ ድረስ ያለው ቁልቁለት እንኳን ለሽቦ ለፍየልም አይመች። አልታየች አሰበችና፣ “የቀበሌው ስልክ የሚወርደው በዚያው ምሰሶ አይደል? እስቲ እሱን ይሞክሩልኝ” አለች። ቀበሌው ወዲያው አነሳ። እንግዲያው ምሰሶው ደህና ነው፤ የተቆረጠው እትዬ ኩብራ ደጃፍ ላይ ነው።

“አይ የኔ ነገር! ማጥፊያዋ!” አሉ ጋሼ በድንገት።

ነገሩ ወዲህ ነው። አቶ ዘይኑልአቢዲን በሕይወት ሳሉ መብረቅ በስልኩ ሽቦ ገብቶ ግድግዳቸውን አቃጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ መስመሩን በር ላይ የምትቆርጥ አንዲት ማጥፊያ አስተከሉ። ደመናው ሲከብድ ወደ ታች፣ ሲገልጥ ወደ ላይ።

“ደመና አለ እንዴ ወዲያ?”

“ምን ደመና! ሰማዩ ጥርት ብሏል።”

አልታየች ግራ ገባት። ለማንኛውም በቀበሌው ስልክ ጥበቃውን አሊን ወደ እትዬ ኩብራ ቤት ላከችው። ልጁ መስኮቱ ላይ ቆሞ መካኒኩን ያያል። ጎማው ወልቋል።

አሊ ሲመለስ ትንፋሹ በስልኩ ይሰማ ነበር። “እምቢ አሉ! በሩን ዘግተው እያለቀሱ ነው። ማጥፊያዋን እንዳትነካ ብለው ማሉብኝ።”

“ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?”

“ልጅዎ ደህና ነው፣ ቀበሌ ይምጡና በስልክ ያነጋግሩት አልኳቸው።”

“ወይ አንተ ሰው!” ግንባሯን መታች። “መርዶ ነዋ ያረዳሃቸው!”

እውነቷን ነው። ባገራችን መርዶ “ሞተ” ተብሎ አይጀመርም። ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ እስቲ ብቅ በሉ እየተባለ ነው ሰው የሚወሰደው። የዘማች እናት ደግሞ ቀበሌ ለምን እንደምትጠራ ማን ያጣዋል! አልታየች ማጥፊያዋ በጠራ ሰማይ ለምን እንደወረደች ያን ጊዜ ገባት። እትዬ ኩብራ የፈሩት መብረቅ አልነበረም። ልጃቸው ከሄደ ጀምሮ ክፉ ወሬ በሽቦ እንዳይገባባቸው በሩን ዘግተውበታል። ልጁም ከነድምፁ ውጭ ቀረ።

ወደ አብዱልሀሚድ ዞረች። “እናትህ ሞተሃል ብለዋል። አንተ መሆንህን የሚያምኑበት ነገር ስጠኝ፤ ቶሎ በል።”

ልጁ ከወታደር ልብሱ ስር ከቤት የመጣበትን ሱሪ ጠርዝ ገለበጠ። “ለውትድርና ልሄድ ማታውን ከነጠላዋ ቁራጭ ቀድዳ እዚህ ውስጥ ሰፍታልኛለች። ከኛ በቀር የሚያውቅ የለም።”

አሊ ይህን መልእክት ይዞ ሮጠ። ተመለሰ። “ባሰባቸው! ‘ከሬሳው ላይ አገኙት፣ ልብሱን ገፈፉት’ ብለው መሬት ላይ ወደቁ።”

አልታየች በራሷ ተናደደች፤ ይህን አለማሰቧ! የሚታይና የሚዳሰስ ነገርማ ከሟችም ይወሰዳል። ውጭ መካኒኩ አዲሱን ጎማ እያንከባለለ አመጣ። “ልብስ ተው” አለችው። “ያልተጻፈ፣ ያልተሰፋ፣ ሆድህ ውስጥ ያለ ነገር ንገረኝ።”

ልጁ አቀረቀረ፣ ፊቱም ቀላ። “መጀመሪያ የጾምኩ ቀን፣ ልጅ ሆኜ፣ ከማሽላው ጎተራ ጀርባ ተደብቄ ስኳር ስልስ ያዘችኝ። አፌን በሻሿ ጠርጋ፣ ላባቴ ‘ጎበዝ፣ ልጅህ እስከ መግሪብ ጾመ’ አለችው። በረመዳን ዋሸችልኝ። ይህን ለሰው አታወራም፤ እኔም እስከ ዛሬ አውርቼው አላውቅ።”

አልታየች ሳቋን ዋጠችና ለአሊ ቃል በቃል አስጠናችው። “‘ስኳሩን ስልስ የዋሸሽልኝ ልጅሽ ነኝ’ በል። ደህና ነው የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ!”

ጠበቁ። ውጭ ፉጨት ተነፋ፤ ሰልፈኛው ወደየመኪናው ይወጣ ጀመር። አንድ ሃምሳ አለቃ በሩ ላይ ብቅ ብሎ “ና ውጣ!” አለ። አልታየች ከወንበሯ ተነስታ “ቆይ አንተ!” ብላ የጮኸችበት ጩኸት ዛሬም ይወራል። ሃምሳ አለቃው ደንግጦ ቆመ።

ያን ጊዜ የጋሼ ኃይለ ገብርኤል ድምፅ መጣ። “አልታየች! እጀታው ያዘኝ፣ ከበደኝ!”

“ይደውሉ እንጂ ታዲያ!”

ገመዱን ሰካች። ከወዲያ አንድ የተሰበረ ድምፅ “አንተ ሌባ” አለ፣ በለቅሶና በሳቅ መሀል፣ “አንተ የስኳር ሌባ፣ አለህ?” አብዱልሀሚድ “እማዬ” ብሎ ተንሰቀሰቀ። አልታየች ማዳመጫውን አወረደች። ዱዓው ምን እንደነበር ስለዚህ አልነግራችሁም፤ ልጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ “አሚን፣ አሚን” ሲል፣ በመጨረሻም ፊቱን ሲያብስ ብቻ አይታለች። ሃምሳ አለቃውም ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ከዚያ ሄዱ።

አብዱልሀሚድ ከዚያ ወዲያ አልደወለም። በሕይወት አለም፣ ሞተም የሚል ወሬ አልመጣም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ጋሼ ኃይለ ገብርኤል ደውለው፣ ቆላው ላይ ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ እየወረደ መሆኑን፣ የእትዬ ኩብራ እጀታ ግን አሁንም ከባድ መሆኑን ነገሯት። አልታየች ደነገጠች። አስደወለች። ደወሉ ሳይጨርስ ተነሳ።

“አብዱልሀሚድ?”

“አልታየች ነኝ፣ እትዬ ኩብራ። ስለ ፈጣሪ ማጥፊያዋን ያውርዱ፣ መብረቅ ነው።”

“አላወርድም። ልጄ ቢደውልስ?”

በሽቦው ውስጥ መብረቁ ሲንጫጫ ይሰማል። “ልጅዎ ደብረ ብርሃንን ሳያልፍ አልዩ አምባ አይደርስም። ከደወለ እኔ እጅ ነው የሚገባው። ይዤ አቆይልዎታለሁ፤ ሰማዩ እስኪገልጥ ከዚህ ወንበር አልነሳም።”

“አላህ ያኑርሽ” አሉ እትዬ ኩብራ፣ መስመሩም ቀጥ አለ።

“ጋሼ፣ እስቲ ያዙሩት።”

“ቀለለኝ” አሉ።

“እሰይ” አለች አልታየች። የሥራ ሰዓቷ አልቆ ነበር፤ ተረኛዋም መጥታ ካፖርቷን ሰቅላለች። አልታየች ግን ብርድ ልብሱን እንደገና ጉልበቷ ላይ ጎተተች፣ ማዳመጫውንም ጆሮዋ ላይ አደረገች።