ጎሚስታው ያጣበቀው ሴንሰር

ነጅሙዲን ሮቢት ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ጠግኗል። በዚያ መንገድ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች በስሙ ይጠሩታል፤ እሱ ግን እነሱን የሚያስታውሳቸው በጎማቸው ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የአንድ ከባድ መኪና ጎማ እየነፋ ሳለ የቸርኬው ቀለበት ተፈናጥሮ የቀኝ እጁን አንጓ መታው። አጥንቱ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታለት አጥንቱ ገጥሞ ነበር፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉት። የሻይ ብርጭቆ እንኳ የሚያነሳው በግራው ሆነ።

መቅደስን ያገኛት ቆቦ ለሕክምና ሲመላለስ ነው። የቆቦ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። ለመመረቂያ ጥናቷ እጃቸው ተጎድቶ በማገገም ላይ ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች መርጣ፣ ለእያንዳንዳቸው ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጀርባ የሚለጠፍ፣ እንደ ካላማዳሪያ የሚለጠጥ የጣት እንቅስቃሴ የሚለካ ቀጭን የሴንሰር ጥብጣብ ሰጠቻቸው።

ነጅሙዲን አገላብጦ አየው። «ባትሪው የት ነው?»

«ባትሪ የለውም ጋሽ ነጅሙዲን። ጣትዎን ባጠፉ ቁጥር ከእንቅስቃሴው ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ስንት ጊዜ እንዳጠፉ፣ ምን ያህል እንዳጠፉ ስልክዎ ላይ ያዩታል። ለእኔም ይደርሰኛል።»

«ቢቆረጥስ?»

«ምንም እንዳያደርጉት። ሁለቱን ጫፎች ገጥመው ለአንድ ቀን ይተዉት። ራሱ ይያያዛል።»

ነጅሙዲን ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ጎማ ራሱን የሚጠግን ቢሆን እኔ በምን ልጆቼን አሳድግ ነበር?»

ያም ሆኖ ጥብጣቡን ወደደው። በመጀመሪያው ሳምንት ጣቱን ለማጠፍ ሲታገል ዓይኑ ምንም ለውጥ አያይም፤ ስልኩ ግን «ታጥፏል» ይለዋል። ሰው ሊያየው የማይችለውን ያህል ትንሽ እንቅስቃሴ መኖሩን ማወቁ አበረታው። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ማላወስ ልማዱ ሆነ።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት ባጃጅ ጎማዋ ተንፍሶ መጣች። ሐኪሙ ሥራ ከልክሎት ነበር፤ «ይቺማ ትንሽ ናት» ብሎ ጀመረ። ከጎማው የወጣ ሽቦ ጥብጣቡን እንደ ምላጭ ለሁለት ቆረጠው። የመቅደስ ቃል ትዝ ብሎታል። ግን እጁ ቀደመው፤ የተቆረጡትን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፋቀ፣ ማስቲሽ ቀባ፣ እፍ እፍ ብሎ አደረቀ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ተጫነ። ጥሩ ጥገና ነበር። ስልኩ ግን ከዚያ በኋላ ዜሮ ብቻ አሳየ።

በማግስቱ መቅደስ ደወለች። «ከትናንት ጀምሮ ከአንቱ ምንም አልደረሰኝም።»

«ተቆረጠብኝ። እንዳልሽው ገጥሜ ተውኩት። አልያዘም።»

«እሺ። እንደዚያው ብዬ እመዘግበዋለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ወርዶ ነበር።

ሚስቱ ኡሙልኸይር አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። «ለምን ዋሸሃት?»

«ምን ይጎዳታል? ሌላ ትሰጠኛለች።»

«ልጅቷ ስንት ጊዜ የለፋችበትን ነገር አይሠራም ብላ ልትጽፍ እኮ ነው! ባንተ የተነሳ።»

ነጅሙዲን ቀኑን ሙሉ ነገሩን ከሆዱ ማውጣት አልቻለም። አየር በሌለው ጎማ አሥር ኪሎ ሜትር ነድቶ መጥቶ «ጥገናህ አልያዘም» የሚለውን ሹፌር ስንት ጊዜ ተቀይሟል! አሁን ያ ሹፌር እሱ ራሱ ሆኖ አገኘው።

ጠዋት በሚኒባስ ቆቦ ገባ። መቅደስን ሲያገኛት ሰላምታውን እንኳ አልጨረሰም። «ልጄ፣ አፈር ስሆን አትቀየሚኝ። ዋሽቼሻለሁ። ወላሂ፣ በማስቲሽ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ።»

ጥብጣቡን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ይዛው አየችው። ፊቷ መጀመሪያ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ወንበር ሳበችለት። «ለምን ግን?»

«መጠበቅ አላውቅበትም። የእኔ ሥራ ሰው ራሴ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ መጠገን ነው።»

«የተቆረጡት ጫፎች ንጹህ ሆነው ሲነካኩ ውስጣቸው ያለው ነገር እንደገና ይያያዛል። ማስቲሹ መሃል ገብቶ እንዳይነካኩ ከለከላቸው» አለችው። ማስቲሽ የነካውን ጫፍ በምላጭ ቆርጣ ጣለች፤ የቀሩትን ፊት ለፊት ገጥማ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ነጅሙዲን እህቱ ቤት አድሮ በማግስቱ ተመለሰ። የተቆረጠበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ብቻ ቀርቷል። መቅደስ በሁለት እጇ ሳበችው፤ ያዘ። እጁ ላይ ለጥፋ ጣቱን ሲያጥፍ ስልኩ ቆጠረ። ምልክቱ ግን ከበፊቱ ደክሟል። ያንንም ጻፈች።

«የማስቲሹንም ጻፊው» አላት።

«እጽፈዋለሁ። ስምዎን አልጠቅስም፤ ግን ሌላውም ሰው ቢቆረጥበት ዝም ብሎ እንደማይጠብቅ ከአንቱ ተምሬአለሁ። ይህን ሳላስብበት ነው የሰጠኋችሁ።»

ጥብጣቡ ከወር በኋላ ተነሳለት። እጁ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ብርጭቆ ያነሳል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይቆልፋል። የከባድ መኪና ብሎን ግን አይፈታም፤ ከእንግዲህም እንደማይፈታ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮታል። ነጅሙዲን ለብዙ ሳምንት ይህን ለማንም አልተናገረም። ከባድ መኪና ሲቆም «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» እያለ ይመልስ ነበር።

አንድ ቀን የቆየ ደንበኛው፣ ሹፌሩ ታረቀኝ፣ ጭነት የያዘ መኪናውን ደጃፉ ላይ አቆመ። ነጅሙዲን ሊዋሽ አፉን ከፈተና ተወው።

«እጄ አይችልም ታረቀኝ። ወደ ፊት ትንሽ ንዳ፤ ኸይረዲን የሚባል ጎሚስታ አለ፣ ጥሩ አድርጎ ይሠራልሃል።»

ታረቀኝ ከጋቢናው ወርዶ እጁን ጨበጠው፤ ጨብጦም ቶሎ አልለቀቀውም። «እና አንተ ምን ልትሠራ ነው?»

«የባጃጅና የሞተር። እሱ ይበቃኛል።»

መኪናው ሲሄድ ነጅሙዲን አንድ የባጃጅ ካላማዳሪያ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረና አረፋው የሚወጣበትን ቦታ መፈለግ ጀመረ።